«ምልክት የለብሽም ተባልኩ»፦ ከአዳማ የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዳማ የደረሱን ናቸው። ሁሉም በቤትና በቤት ዙሪያ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ይጠይቃሉ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ከጽሑፉ አውጥተናል። መልሶቹን ያዘጋጁት የሕግና የጤና አምደኞቻችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲናደድ በጥፊ መምታቱ የቆየ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አንገቴን በሁለት እጁ አነቀኝ። ለአፍታ ራሴን የሳትኩ ይመስለኛል። ሲነጋ ድምፄ ሻክሮ ነበር፤ እስካሁንም ምራቅ ስውጥ ያመኛል። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ አንገቴን አይተው «ምልክት የለብሽም፣ በሽማግሌ ጨርሱት» አሉኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ? (ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከክሱም ከሽምግልናውም በፊት ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሳምንት ማለፉ አያዘናጋሽ። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት የደም ሥሮች ከውስጥ ሊሰነጠቁና እዚያ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የድምፅ መሻከር፣ ሲውጡ መታመም፣ ራስን መሳት፣ ሳይታወቅ ሽንት ማምለጥ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አለመቻል፣ በዓይን ነጩ ክፍል ላይ የሚታይ ቀይ ነጠብጣብ፣ እነዚህ ሁሉ የመታነቅ ምልክቶች ናቸው። አንቺ በጻፍሽልን አጭር ደብዳቤ ውስጥ ብቻ ሦስቱ አሉ። «ምልክት የለብሽም» ያለሽ ሰው ያየው ቆዳሽን ብቻ ነው። በእጅ የታነቀ አንገት ብዙ ጊዜ ቆዳው ላይ ምንም አያሳይም፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ያለው ሰንበርም ቶሎ አይለይም። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ፊትሽ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅሽ ወይም እግርሽ ከዛለ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከጀመረሽ ተራ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ገና ስትደርሺ ተናገሪ።

ሐኪሙ ፊት የምትናገሪው ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። «ተጣልተን ነው» አትበይ። «ባለቤቴ በሁለት እጁ ከፊት አንቆኛል፣ ራሴን ስቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፄ ሻክሯል፣ ስውጥ ያመኛል» ብለሽ ተናገሪ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጨምሪ። ይህ ሁሉ ካርዱ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ብዙ ክስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባል ወይም የባል ዘመድ አብሮ ይገባል፣ ሴትየዋ ፈርታ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ትላለች፣ ሐኪሙም የነገረችውን ይጽፋል። ከወራት በኋላ የተከላካይ ጠበቃ ያንኑ ካርድ አውጥቶ በራሷ ላይ ያቀርብባታል። ስለዚህ ሐኪሙ ብቻሽን እንዲያይሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። በአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ውስጥ የጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ ምክርንና የሕግ ድጋፍን ባንድ ቦታ የሚያገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ በስሙ ጠይቂ። ለክስ የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ሆስፒታሉ የሚሰጠው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው። ሕክምናው ግን ደብዳቤውን አይጠብቅም፤ «መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» የሚልሽ ካለ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግሪ።

ፎቶ ካለሽ እንደ ማስረጃ ይጠቅማል፤ አነሳሱ ግን ይወስነዋል። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፊልተር፣ አንዱን ፊትሽ እንዲታይ ከራቅ ብሎ፣ ሌላውን ከቅርብ፣ መጠኑን ለማሳየት ከጎኑ ሳንቲም አድርገሽ አንሺ። ሰንበር ከ2 እና ከ3 ቀን በኋላ ይበልጥ ስለሚወጣ ደግመሽ አንሺው። በቴሌግራም ስትልኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱም የተነሣበት ቀንም ይጠፋል። ዋናውን ፋይል ከስልክሽ ውጭ የምታምኚው ሰው ጋር አስቀምጪ።

ወደ ፖሊስ ስትመለሺ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ባል በሚስቱ ላይ፣ ወይም ያለ ጋብቻ አብሯት በሚኖር ሴት ላይ በኃይል ለሚያደርሰው የአካልም የአእምሮም ጉዳት ከአንቀጽ 555 እስከ 560 ያሉት ድንጋጌዎች እንዲሠሩ ያዛል። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ቀላል የሚባለው ጉዳት በአብዛኛው በተጎጂው አቤቱታ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አቤቱታው ሲነሣ መዝገቡም አብሮ ይዘጋል። አንቺን ወደ ሽማግሌ የሚገፋሽ ሁሉ፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ የሚገፋሽ ወደዚያ ነው። የመታነቅሽ ጉዳት በየትኛው አንቀጽ እንደሚወድቅ የሚለየው የሐኪሙ ማስረጃ ነውና ማስረጃው ሳይመጣ «ቀላል ነው» ተብሎ እንዲመደብ አትፍቀጂ። ቃልሽ በጽሑፍ ይስፈር፤ ሳታነቢው ወይም ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ጻፊ። ጣቢያው አልመዘግብም ካለ የጣቢያውን ኃላፊ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግን፣ ጎን ለጎንም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን አነጋግሪ። በስልክ የሕግ ምክር ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የ7711 መስመር አለ።

አሁን ደግሞ ከባዱን ነገር እንንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ በባሏ ወይም በፍቅረኛዋ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ካልታነቀችው 7 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምንነግርሽ ልናስፈራራሽ አይደለም። ማነቅ ከጥፊ ጋር በአንድ ተርታ የሚቆጠር ድርጊት ስላልሆነ ነው። ከሁሉ የከፋው አደጋ ደግሞ ሴቲቱ «ልሄድ ነው» ያለችበት ወቅት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ልትወጪ ከሆነ አስቀድመሽ አትንገሪው፤ በጭቅጭቅ መሐልም አትዛቺበት። መታወቂያሽን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተርሽን፣ የቤቱን ካርታ ኮፒ ቀስ በቀስ አውጥተሽ እምነት የሚጣልበት ሰው ጋር አኑሪ። በቴሌግራምሽ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺና የማታውቂው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ተያይዞ እንደሆነ አጥፊው፤ የቴሌብር ምሥጢር ቁጥርሽንም ቀይሪ። ስልክሽን እሱ የሚከፍተው ከሆነ ግን መዝጋትሽን ያውቃልና እስክትወጪ ድረስ አትንኪው፤ በጓደኛሽ ስልክ ተጠቀሚ።

ፖሊስ ከያዘው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዋስ ሊለቀቅም ይችላል። ብዙዎች «ታሰረ» ሲባሉ ተረጋግተው ቤታቸው ይተኛሉ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ በሩ ይንኳኳል። የት እንደምታድሪ ከመታሰሩ በፊት ይወሰን። ዐቃቤ ሕጉም ዋስትናው ላይ «እንዳይቀርባት» የሚል ግዴታ እንዲጠይቅልሽ በጽሑፍ አመልክቺ። የምትጠጊበት ዘመድ ከሌለሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዳማ ላይ መጠለያ አለው። አድራሻው ለደኅንነት ሲባል በይፋ አይነገርም፤ በፖሊስ፣ በሆስፒታሉ ማዕከል ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ በኩል ትላኪያለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ በሰፈሬ ሽማግሌ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል፤ ብዙ ቤት እንዳይፈርስ ረድቻለሁ። ሴት ልጄ «አባዬ፣ የምታደርገው ወንጀል መሸፈን ነው» አለችኝ። ቅር አሰኘኝ። ልኩ የት ላይ ነው? (ከገዳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄውን ማንሣትዎ ራሱ ያስመሰግንዎታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ይከፍታል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ አመሻሽቶ መግባት ማስታረቅ ይችላሉ። ዱላ፣ ማነቅ፣ ማስፈራራት፣ አስገድዶ መድፈር ግን ክርክር አይደሉም። እነሱ ላይ ልጅዎ ትክክል ናት።

የፓኪስታንን ነገር እናንሣልዎ፣ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር ይገጥማልና። በዚያ አገር ሕግ የሟች ቤተሰብ ገዳዩን ይቅር ማለት ይችላል። «የቤተሰብ ክብር አጎደፈች» ተብላ በወንድሟ የተገደለች ሴት ጉዳይ ላይ ይቅር ባዮቹ አባትና እናት ናቸው፤ ገዳዩ ደግሞ የራሳቸው ልጅ። ሰው ሞቶ መዝገቡ በዚያው ቤት ውስጥ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በማኅበራዊ ሚዲያ ዝነኛ የነበረችው ቃንዲል ባሎች ሙልታን አካባቢ በወንድሟ ስትገደል አገሩ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቤተሰብ ይቅር ቢልም ገዳዩ ከዕድሜ ልክ እሥራት እንዳያመልጥ የሚል ሕግ ወጣ። ወንድምየው በ2019 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቀው፤ ለዚህም የወላጆቹ ይቅርታ አንዱ ምክንያት ነበር። ሕጉ ተለውጦ እንኳን የቤተሰብ ይቅርታ መውጫ አላጣም። የእኛ ሕግ ለነፍስ ግድያ እንዲህ ያለ በር የለውም፤ ዝቅ ሲል ላለው ዱላ ግን በአቤቱታ መነሣት በኩል ያው በር ክፍት ነው፤ በሩ ላይ የሚቆሙት ደግሞ እርስዎን መሰል የተከበሩ ሰዎች ናቸው።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጥዎ በፊት ሴቲቱን ለብቻዋ፣ ቢቻል ሌላ ሴት ባለችበት ያነጋግሯት። ባሏ አጠገብ ቁጭ ብላ «ምንም አላደረገኝም» ብትል ይህ መልስ አይደለም። አራት ነገር ይጠይቋት፦ አንቆሽ ያውቃል? ቢላዋ ወይም ሌላ መሣሪያ አንሥቶብሽ ያውቃል? እገድልሻለሁ ብሎሽ ያውቃል? ነፍሰ ጡር ሳለሽ መትቶሽ ያውቃል? አንዱን እንኳ «አዎ» ካለች ሽምግልናው እዚያው ይቁም፤ ወደ ፖሊስና ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳት ሰው ይስጧት። «ዛሬ ማታ ወደ ቤትሽ ግቢ» አይበሏት። «ዳግመኛ ቢመታት ይህን ያህል ብር ይክፈል» የሚል ውል አያስፈርሙ፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ወንጀሉን አያስቀርም፤ ለዱላው ዋጋ ይተምንለታል እንጂ። ክሱን አንሺ ብለው ፈጽሞ አይጠይቋት። ዕርቅ ከተፈለገ ክሱ ሄዶ፣ እሱ ጥፋቱን አምኖ፣ እሷም ያለ ማንም ግፊት ስትፈቅድ ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ሴቲቱ ራሷ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ልትመጣዎ ትችላለች ማለት ነው። እርስዎ «አይደለም፣ ምንም ብታጠፊ ዱላ አይገባሽም» ካሏት ያ ቃል ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ከማንም ይበልጥ ይሰማል።

ጥያቄ፦ አብረን ከኖርን 6 ዓመት ሆነን፤ ጋብቻ አልተፈራረምንም። ቦታው በእሱ ስም ነው፤ ቤቱን ግን አብረን ነው የሠራነው። እየደበደበኝ «ብትወጪ ባዶ እጅሽን ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አስቀድመሽ አንድ ነገር አስተውዪ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የተደረገ ሥርዓት ካለ ጋብቻሽ በባህል የተፈጸመ ሊሆን ይችላል። ያልተመዘገበ ጋብቻም በምስክር ይረጋገጣል። ሥርዓት ካልነበረም በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እንደ ባልና ሚስት ከ3 ዓመት ያላነሰ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አዳማ ላይ አቤቱታሽ የሚጠቅሰው የክልሉን ድንጋጌ ነው፤ የሚጽፍልሽ ሰው ይህን ማወቁን አረጋግጪ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ አቤቱታው በዚያ ቋንቋ ይዘጋጃል፤ ቋንቋውን የማትችዪ ከሆነ ችሎት ላይ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ቤቱን አብራችሁ መሥራታችሁን የሚያሳዩ ነገሮችን ከአሁኑ ሰብስቢ፦ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ፣ ከሒሳብሽ የወጣ ገንዘብ የባንክ መግለጫ፣ የደረሰሽን ዕቁብ የሚመሰክር ሰብሳቢ፣ ለግንበኛው በእጅሽ ከፍለሽ ከሆነ ግንበኛው ራሱ። ደረሰኝ በባል ስም መቆረጡ የተለመደ ነው፤ ተስፋ አያስቆርጥሽ፣ ምስክር ይሞላዋል። ክስ ስታቀርቢ በዚያኑ ቀን ቤቱ እንዳይሸጥና ስም እንዳይዛወር የእግድ ትእዛዝ ጠይቂ፤ ትእዛዙ ሲሰጥሽም የሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማኅተም አድርጎ መቀበሉን ራስሽ ተከታተዪ። መዝገብ ቤት ተኝቶ የቀረ እግድ ምንም አያግድም፤ በዚህ ምክንያት ቤታቸው የተሸጠባቸው ብዙ ናቸው። የልጆች ቀለብ ደግሞ ከጋብቻ ጋር አይያያዝም፤ አባትነቱ ከታወቀ ይከፍላል።

ጥያቄ፦ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሕንድ ውስጥ በጥሎሽ ምክንያት ሙሽሮች እንደሚገደሉ አነበብኩ። እንዴት ሕግ እያለ ይህ ይሆናል? ከእነሱ የምንማረውስ አለ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ጥሎሹ ከእኛ በተቃራኒ የሚሄድ መሆኑን ልብ በል። እኛ ጋ የሚሰጠው የወንዱ ወገን ነው። ሕንድ ውስጥ ግን የሙሽራዋ ቤተሰብ ለሙሽራው ወገን ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ሞተር ሳይክል፣ መኪና ይሰጣል። ጥያቄው ከሠርጉ በኋላም አይቆምም፤ «አባትሽ ይጨምር» እየተባለች ትደበደባለች፣ ምግብ ትከለከላለች፣ አንዳንዷም ትገደላለች ወይም ራሷን እንድታጠፋ ትገፋለች። የሕንድ የወንጀል መዝገብ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 6,450 የጥሎሽ ሞት መዝግቧል።

ጥሎሽን የሚከለክለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በ1983 የባልና የባል ዘመዶች ጭካኔ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። በ1986 ደግሞ «የጥሎሽ ሞት» የሚል ድንጋጌ ገባ፦ አንዲት ሴት ባገባች በ7 ዓመት ውስጥ በቃጠሎ ወይም ከተፈጥሮ ውጭ በሆነ ምክንያት ከሞተች፣ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎም በጥሎሽ ስትሠቃይ እንደነበር ከተረጋገጠ፣ ባልና ዘመዶቹ እንዳደረሱት ይገመታል፤ ትንሹ ቅጣት 7 ዓመት ነው። ይህ ግምት የመጣበት ምክንያት አለ። ሟቿ የሞተችው በር በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ ምስክር የሚሆኑት የገዳዩ እናትና እኅት ናቸው፤ የሚሰጡት ቃልም «የኬሮሲን ምድጃ ፈንድቶባት ነው» የሚል ነው። የማስረዳቱ ሸክም እንደ ወትሮው ሙሉ በሙሉ በዐቃቤ ሕግ ላይ ቢቀር ማንም አይፈረድበትም ነበር።

ታዲያ ለምን አልቆመም? አንደኛ፣ የ1961ዱ ሕግ ሰጪውንም ተቀባዩንም ይቀጣል፤ ስለዚህ የሙሽራዋ አባት «ጥሎሽ ሰጥቻለሁ» ብሎ መክሰስ ራሱን መክሰስ እንዳይሆንበት ይፈራል። ሁለተኛ፣ ሳይጠየቅ የተሰጠ «ስጦታ» አልተከለከለም፤ ጥሎሹም በስጦታ ስም ያልፋል። ከሁሉም በላይ ግን ልጅቷ ተደብድባ ወደ ወላጆቿ ስትሄድ «ቻይው፣ ቤትሽ እዚያ ነው» ተብላ ትመለሳለች። ይህ የመጨረሻው እኛንም ይመለከታል፤ የጥሎሹ አቅጣጫ ቢለያይም የምትመለሰው ልጅ ያችው ናት።

የሚወሰደው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣውና በጥቅምት 2006 ሥራ ላይ በዋለው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕጋቸው ውስጥ ነው። ይህ ሕግ የሚጀምረው ከቅጣት ሳይሆን ከጥበቃ ነው። ሴቲቱ ባሏን ሳታሳስር ፍርድ ቤት ሄዳ «እንዳይነካኝ፣ እንዳይደውልልኝ፣ ከምኖርበት ቤት እንዳያስወጣኝ» ብላ ትእዛዝ ታስወጣለች። ቤቱ በማንም ስም ይሁን፣ እዚያ የመኖር መብት አላት። ሚስት ብቻ ሳትሆን ያለ ጋብቻ አብራ የምትኖር፣ እናት፣ እኅትም ትጠቀምበታለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ እንደ ደንቡ በ3 ቀን ውስጥ ይሆናል፤ ጉዳዩም በ60 ቀን እንዲያልቅ ይጠበቃል። ትእዛዙን የጣሰ እስከ 1 ዓመት ይታሠራል። በተግባር 60ው ቀን ብዙ ጊዜ አይጠበቅም፤ ሴቲቱን እንዲረዱ በየወረዳው የተመደቡት የጥበቃ ሹሞችም ሌላ ሥራ ተደርቦባቸው የሚሠሩ ናቸው። ቢሆንም መሣሪያው አለ።

እኛ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም፤ ከወንጀል ክስና ከፍቺ ውጭ በራሱ የቆመ የጥበቃ ትእዛዝም የለም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ከባልና ሚስቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ ማዘዝ ይችላል፤ ሲያዝም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን እንዲያይ ይጠበቅበታል። ግን መፋታት ያልፈለገች ወይም ያልደፈረች ሴት ይህን በር አታገኘውም። እንደ እኛ እምነት ከሁሉ የሚያስፈልገን ሕግ ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ከሕንድ አንማር፤ ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር ሕጋቸው ወንጀል አይለውም፤ የእኛም አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ ይጀምራል። የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2002 አስቀርቶታል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ የባትሪ ሥራ እሠራለሁ። አንድ የማላውቀው ልጅ «ትንሽ አሲድ ሽጥልኝ» አለኝ፤ ባትሪም አልያዘም። አልሸጥኩለትም። ጥሩ አደረግኩ? ሰው ላይ ቢደፋስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ በጣም ጥሩ አደረግህ። ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ብቻ 494 የአሲድ ጥቃት ተመዝግቦ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለት ሕግ ወጣ፤ አንዱ ቅጣቱን እስከ ሞት አከበደው፣ ሁለተኛው አሲድ ማምጣትን፣ መሸጥንና ማከማቸትን በፈቃድ ብቻ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ወርዷል። አንተም ባትሪ ላልያዘ ሰው አትሽጥ፤ ዕቃውን ቆልፍ፤ የሸጥክለትን ሰው ስም፣ ስልክና የመኪናውን ሰሌዳ መዝግብ።

ሰው ላይ ከተደፋ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይጀመር፤ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ ሳያቋርጡ፣ ዓይን ከተነካም ዓይንን ከፍቶ። ውኃው ወዳልተነካው አካል እንዳይፈስ ጎንበስ ይበሉ። የሚያጥበው ሰው እጁን በጓንት ወይም በፌስታል ይሸፍን። አሲድ የነካውን ልብስ፣ ቀለበትና ሐብል አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ቤኪንግ ፓውደር አታድርጉ፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። መኪና ተገኘ ብላችሁ ማጠቡን አታቋርጡ፤ በመንገድም ጀሪካን ይዛችሁ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አንዲት ተማሪ ተደፍራ ብትመጣብኝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንድትታጠብ፣ ልብስ እንድትቀይር፣ ቢቻል ሽንት ቤት እንድትሄድ አታድርጊ፤ ከታጠበችም ግን ይዘሻት ሂጂ። ልብሱ ከወለቀ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱም ማስረጃውን ያበላሸዋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ የአባላዘር በሽታ መከላከያና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም ወደ ሐኪም መሄዷ አይቅር። ካረገዘች ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ፅንስን ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የእሷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ውሳኔ አይጠየቅም።

ደጋግመሽ አታስተርኪያት። በራሷ ቃል የነገረችሽን እንዳለ ጻፊ፣ ሰዓቱን አስፍሪ፣ ዝርዝሩን ለባለሙያ ተዪ። ደፋሪው የትምህርት ቤቱ ሰው ከሆነ ለርእሰ መምህሩ ከመንገርሽ በፊት ለፖሊስ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ማታ ማታ ስትጮህ እንሰማለን። ብንገባ «በትዳራችን ምን አገባችሁ» ይለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጩኸቱን በሰማችሁ ሰዓት ለፖሊስ ደውሉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በሩን አንኳኩና ሌላ ምክንያት ስጡ፤ ክብሪት፣ ጨው፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ማንኛውም ነገር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ዱላውን ለማስቆም ይህ ይበቃል። «እሷ ነግራን ነው» ብላችሁ በፍጹም አታውጡት፤ ስትሄዱ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ቀን ላይ ብቻዋን ስታገኟት አንድ የመጥሪያ ቃል ተስማሙ፤ ለምሳሌ ልጇን ልካ «ወንፊት አበድሩን» ስትል ፖሊስ ጥሩ ማለቷ ይሁን። የሰማችሁበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን ቃል እንደሰማችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ፍርድ ቤት «መቼ ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሁልጊዜ ነው» የሚል ምስክር ሚዛን አይደፋም፤ ቀንና ሰዓት የሚጠቅስ ምስክር ግን ክሱን ይሸከመዋል።